ከአራጣው፣ ከዕቁቡና ከዱቤው የቱን እናስቀድም?

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ድሬዳዋ ውስጥ የሰው ባጃጅ ይዞ ይሠራል። እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። የምንኖረው ሳቢያን ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ተቆራርጦ እጄ የሚገባው ደመወዝ 9,200 ብር ነው። እሱ ለባለንብረቱ የቀን ገቢውን አስገብቶ፣ ነዳጁን፣ ምሳውንና ጫቱን ችሎ በወር 11,000 ብር ገደማ ያመጣል። ኪራይ 4,500 ብር ነው፤ አስቤዛና የልጆች ወጪ ሲጨመር 12,600 ይሆናል።

ዕዳችን 51,500 ብር ነው። 40,000ው ከአንድ ሰው በወር በመቶ አሥር የተወሰደ ነው። አምስት ወር ሙሉ 4,000፣ 4,000 ብር ከፍለናል፣ ዋናው ግን አልተነካም። ባለቤቴ የፈረመው ወረቀት ‹64,000 ብር በስድስት ወር እመልሳለሁ› ይላል። 5,000 ብር የስልክ ብድር አለ፤ በየወሩ 5,400 መልሰን ያንኑ እንደገና እንወስዳለን። 6,500ው የሱቅ ዱቤ ነው። ዕቁብም በሳምንት 1,000 ብር እንጥላለን። 40 ሺሁን በልተን ለልጃችን ሕክምና አውጥተነዋል፣ 28 ሳምንት ይቀረናል። ጅቡቲ ያለችው እህቴ በ2015 ዓ.ም. 100,000 የጅቡቲ ፍራንክ ሰጥታን ነበር፤ እሷ ግን አትጠይቀንም።

መሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማህበር አለው። በወር 300 ብር እየተቆረጠ 14,400 ደርሶልኛል። የቁጠባን ሦስት እጥፍ ድረስ በዓመት 12 በመቶ ያበድራሉ፣ ሁለት ዋስ ይጠይቃሉ። ብድርን በብድር መክፈል ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ዕቁብ እንግባ ይላል። 30 ሰው ነው፣ በሳምንት 1,500 ብር። መጀመሪያ ዕጣ የሚወጣለት ሰው 4,000 ብር ይዞ ይለቅልናል አሉት። የቱን እናስቀድም? ቁጠባውስ እስከዚያ ይቁም? የባለቤቴ ጫት በቀን 100 ብር ነው፤ እሱን ሳነሳ እንጣላለን።»

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። የማህበሩን ብድር ውሰጂና አራጣውን ዝጊ። ይህንንም ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስድስተኛ ወር ከመሙላቱ በፊት አድርጊው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ግን ዕዳሽን እንደገና እንቁጠረው። 51,500 አይደለም። የበላችሁት ዕቁብ ብድር ነው። ዕጣው ሳይወጣላችሁ በፊት የምትጥሉት ገንዘብ ቁጠባ ነበር። ከወጣላችሁ ቀን ጀምሮ ግን የምትጥሉት የወሰዳችሁትን መመለሻ ነው። 28 ሳምንት ሲቀር 28,000 ብር ዕዳ አለባችሁ ማለት ነው። ወለድ ስለሌለውና ሰው ሁሉ «ዕቁብ ቆጣቢ ያደርጋል» ስለሚል ብዙ ቤት ይህን ከዕዳ አይቆጥርም። ስለዚህ የድሬው ዕዳችሁ ብቻ 79,500 ብር ነው። የእህትሽ ከዚያ ውጭ ነው፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አያስደንግጥሽ። ከጠቅላላው ይልቅ የወሩን ማየት ይሻላል። ገቢያችሁ 20,200 ነው። ወጪው 12,600፣ የሰውየው ወለድ 4,000፣ ዕቁቡ በወር ሲታሰብ 4,330፣ የስልኩ ብድር ክፍያ 400 ነው። ድምሩ 21,330 ይመጣል። በየወሩ 1,130 ብር ገደማ ይጎድላችኋል። የሱቁ ዱቤ እያበጠ የሄደው፣ የስልኩም ብድር ሊዘጋ ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው። አባካኝ ስለሆናችሁ አይደለም። በሁለት ልጆችና በዚህ የኑሮ ውድነት 12,600 ብር የተጠነቀቀ ቤት ወጪ ነው። 4,000ው ብቻ ቢወጣ በየወሩ ከ2,800 ብር በላይ ይተርፋችሁ ነበር።

በወር በመቶ አሥር ማለት በዓመት በመቶ መቶ ሃያ ነው። 40,000 ብር ወስዳችሁ ዓመት ብትቆዩ 48,000 ብር ወለድ ከፍላችሁ አሁንም 40,000 አለባችሁ። ማህበርሽ ያንኑ ገንዘብ በዓመት 12 በመቶ ይሰጥሻል፤ ዋጋው አንድ አሥረኛ ነው። 40,000 ብር በሁለት ዓመት እየተከፈለ ቢወሰድ ወርሃዊ ክፍያው 1,885 ብር ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ዋናውም አለበት። በሁለት ዓመቱ መጨረሻ የከፈልሽው ወለድ ሁሉ ተደምሮ 5,200 ብር አይሞላም። ለሰውየው በአምስት ወር ብቻ 20,000 ብር ሰጥታችኋል።

«ብድርን በብድር መክፈል» ያስፈራሽበት ምክንያት ይገባኛል። ብዙ ሰው ሲጎዳበት አይተናል። ግን የሚጎዳው መቼ ነው? አዲሱ ብድር ከአሮጌው እኩል ወይም የበለጠ ውድ ሲሆን፣ ወይም የወሩ ጉድለት ሳይደፈን ሲቀር ነው። የስልኩን 5,000 በየወሩ መልሳችሁ መውሰዳችሁ እንዲህ ያለው ነው። የማህበሩ ግን ወለዱን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርዳል፣ የወሩን 1,130 ብር ጉድለትም ወደ 1,000 ብር ትርፍ ይለውጠዋል። ሂሳቡን ከባለቤትሽ ጋር በወረቀት ላይ ሥሩት። እሱ በዓይኑ ሲያየው ይሻላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከደብዳቤሽ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። የተቀበላችሁት 40,000፣ የተጻፈው 64,000። የስድስት ወሩን ወለድ፣ 24,000 ብር፣ ከዋናው ጋር ደምሮ እንደ አንድ ብድር አስፈርሟችኋል። ወረቀቱ ላይ ወለድ የሚል ቃል እንደሌለበት እገምታለሁ። ይህን የሚያደርጉት አውቀው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2479 በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። ወለዱም በጽሑፍ መስማማትን ይጠይቃል። በወር አሥር በመቶ ብሎ የሚጽፍ አበዳሪ በራሱ ላይ ማስረጃ መጻፉ ነው። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ስለዚህ ወለዱን ዋና አስመስለው ያስገቡታል።

በሕጉ ልክ ቢሆን የ40,000 ብር ወለድ በወር 400 ነበር። እናንተ 4,000 እየከፈላችሁ ነው። ሆኖም ነገ ፍርድ ቤት ሂጂ አልልሽም። በእጃችሁ ያለውን እንይ። 20,000ውን የከፈላችሁት በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ ይመስለኛል። እሱ የተፈረመ 64,000 አለው። ከብር 500 በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በመማልና በማመን ነው። ጽሑፉ ያለው እሱ ጋ ነው። ክፉ ሰው ከሆነ የተከፈለውን 20,000 ክዶ 64,000ውን ሙሉ ሊጠይቅ ይችላል። ቀኑ ሳያልፍ ብዬ የወተወትኩት ለዚህ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሰው አንድም ብር በእጅ አይሰጥ። በባንክ ወይም በቴሌብር በስሙ ይላክ፤ «የብድር ክፍያ» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፍበት። ቀጥሎ ሁለታችሁንም የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ፈልጉ። ሰውየው የሚያፍራቸው ቢሆኑ ይመረጣል፤ የሰፈር ዕድር ዳኛ፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው። ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እስካሁን 20,000 ብር መቀበሉን በዚያው ወረቀት ጀርባ ጽፎ ይፈርም። ሁለተኛ፣ 40,000ውን በአንድ ጊዜ ሲቀበል የስድስተኛውን ወር 4,000 ይተውላችሁ። ሁለተኛውን እንቢ ሊል ይችላል። እንቢ ካለ 4,000ው ለዚህ ወር አስቀድሞ የታሰበ ወጪ ስለሆነ ይከፈል፤ 20,000 ሲደመር 44,000 የወረቀቱን 64,000 ይሞላል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን አትልቀቁ።

ገንዘቡ ሲሰጥ ዋናው ወረቀት ተመልሶ በእጃችሁ ይግባ። ኮፒ አይደለም፣ እስክሪብቶው ያረፈበት ዋናው። «ከዕዳ ነፃ ናቸው» የሚል አጭር ጽሑፍ በሁለት ምስክር ይፈረም። ከወረቀቱ ሌላ ባዶ ቼክ ወይም የቤት ዕቃ ሽያጭ ውል የመሰለ ነገር ፈርማችሁ ከሆነ እሱም ይመለስ። የተፈረመ ቼክ በሰው እጅ ማቆየት አደገኛ ነው፤ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። ሰውየው ሽማግሌ አልቀበልም ካለ ወይም ማስፈራራት ከጀመረ ግን የሕግ ምክር ፈልጉ። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። እዚያ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ስለ ባለቤትሽ ሐሳብ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፣ ይህን ንገሪልኝ። አዲሱ ዕቁብ 45,000 ብር ያወጣል፤ ለዕጣው 4,000 ሲሰጥ 41,000 እጁ ይገባል። ዋጋው 4,000 ብር ብቻ ነው። የማህበሩ 5,200 ሊጠጋ ነው። በወጪ ብቻ ካየነው የሱ ይረክሳል። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ያ ገንዘብ በ30 ሳምንት ተመልሶ ማለቅ አለበት። አሁን ካላችሁ ዕቁብ ጋር ሲደመር በሳምንት 2,500 ብር ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን ከ415 ብር በላይ ለዕቁብ ማስቀመጥ አለበት። እሱ ደግሞ በቀን በአማካይ የሚያመጣው 440 ብር ነው። ከመጋላ እስከ ሳቢያን ሲመላለስ ውሎ ለቤቱ 25 ብር ይዞ ሊገባ ነው። ሁለት ቀን ቢታመም ወይም ባለንብረቱ ባጃጁን ለጥገና ቢያስገባ ዕቁቡ ይስተጓጎላል። ያኔ ዋሱ ይጠየቃል፣ ስማችሁ ይነሳል። ድሬ ላይ ዕቁብ ያጎደለ ሰው ሌላ ዕቁብ ለመግባት ዋስ አያገኝም።

አንድ ነገር ግን ከሐሳቡ ያዙ። ይህ ዕዳ አልቆ ወደፊት ዕቁብ ስትገቡ መጀመሪያ የሚበላው ተበዳሪ፣ መጨረሻ የሚበላው ቆጣቢ መሆኑን አስቡ። ገንዘቡን ቸኩላችሁ ካልፈለጋችሁና ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ ለቸኮለ ሰው ልትለቁለት ትችላላችሁ። ዛሬ እናንተን 4,000 የጠየቃችሁ ሰው እያደረገ ያለው ይህንኑ ነው።

ማህበሩ ጋ ስትሄጂ ሦስት ነገር ጠይቂ። ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዋና ብድር ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በተወሰደው ላይ? እኔ ያሰላሁት በቀሪው ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ከሆነ ወርሃዊው 2,070 ብር አካባቢ ይሆናል። ያም ቢሆን ከ4,000 በብዙ ይሻላል። የአገልግሎት ወይም የመድን ተቆራጭ ከብድሩ ላይ አለ? 40,000 ጠይቀሽ 39,000 እጅሽ ቢገባ ቀድመሽ ማወቅ አለብሽ። ገንዘቡስ በስንት ቀን ይለቀቃል? ኮሚቴው በወር አንዴ የሚሰበሰብ ከሆነ የሰውየው ቀን ሊያልፍ ስለሚችል ነገ ጠዋት ማመልከቻሽን አስገቢ። በማህበሩ ደንብ መሠረት የጣሪያሽ ልክ 43,200 ነው። ከ40,000 በላይ ግን አትውሰጂ።

ዋስ የሚሆኑልሽን ባልደረቦች አስቢላቸው። አንቺ መክፈል ብታቋርጪ ከደመወዛቸው የሚቆረጠው እነሱ ናቸው። ሳታፍሪ ይህን ሂሳብ አሳያቸው። ለምን እንደተበደርሽ፣ በወር ስንት እንደሚቆረጥ፣ መቼ እንደሚያልቅ። ሰው ዋስ መሆን የሚፈራው የማያውቀውን ዕዳ ነው።

14,400ውን አውጥተሽ ለመክፈል አታስቢ። የብድርሽ መሠረት እሱ ነው፤ በአብዛኛው ማህበር ደግሞ አባልነት ካልተውሽ አይወጣም። ወርሃዊዋ 300 ብርም ትቀጥል።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ድሬ ላይ ወለድ በእምነታቸው የማይፈቀድላቸው ብዙ ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ችግር ውስጥ ይገባሉ። የብዙ ባንኮች ወለድ አልባ መስኮት፣ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ ወለድ አልባ ባንኮችም አሉ። ግን እነሱ የሚሰጡት ሙራባሃ ባንኩ ዕቃ ገዝቶ ለደንበኛው የሚሸጥበት ውል ነው። ባጃጅ ወይም የሱቅ ዕቃ ለመግዛት ይሆናል፣ የቆየ የገንዘብ ዕዳን ለመዝጋት ጥሬ ብር አይሰጥም። ለዚህ የሚሆነው ቀርድ፣ ማለትም ያለ ወለድ የሚሰጥ ብድር ነው። እሱን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ዘመድና ጓደኛ ነው። ሦስት አራት ሰው በየ10,000 ብር ከሰጠ፣ በጽሑፍና በቀጠሮ ይሁን። ለዘመድም ቢሆን።

ወደ ቤታችሁ እንመለስ። አራጣው ከተዘጋ በኋላ ያለው ነገር ቀላል ነው፤ ገቢያችሁን ግን በሁለት ክፈሉት። ያንቺ በወር ይመጣል፣ የሱ በቀን። የወር ክፍያ ካንቺ ደመወዝ፣ የሳምንትና የቀን ወጪ ከባጃጁ ይውጣ። ከደመወዝሽ የማህበሩ ሲቆረጥ 7,300 ይቀራል። 4,500 ኪራይ፣ 1,400 ለስልኩ ብድር፣ የተረፈው 1,400 ለጤፍ፣ ለዘይትና በጅምላ ለሚገዛ ነገር። ከባጃጁ በየሥራው ቀን 170 ብር ለዕቁብ ይነሳል፤ በስድስት ቀን የሳምንቱ 1,000 ሞላ። የቀረው 270 ብር ገደማ የቤት አስቤዛ ነው። ዕቁቡ በሚጣልበት ዋዜማ 1,000 ብር ለመፈለግ የሚደረገው ሩጫ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ሰው ወደ ስልኩ ብድር የሚገባው በዚያ ሩጫ ነው።

የስልኩን ብድር በአንዴ መዝጋት አትችሉም፣ በደረጃ አውርዱት። በዚህ ወር 5,400 ስትመልሱ 4,000 ብቻ ውሰዱ። በሚቀጥለው 3,000። በአምስት ወር ያልቃል። 400 ብር ትንሽ ይመስላል፤ በ5,000 ብር ላይ በወር 8 በመቶ ነው። ከአራጣው ቀጥሎ ውዱ ዕዳችሁ እሱ ነው። ከዘጋችሁት በኋላ የተፈቀደላችሁ ጣሪያ ከፍ ብሏል የሚል መልእክት ይመጣል፤ አትንኩት።

ሱቁ ወለድ የለውም። ግን ደብተሩን አይተሽው ታውቂያለሽ? አንድ ቀን ሱቁ ረገብ ሲል ሄደሽ መስመር በመስመር አብራችሁ እዩት። ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና፣ ቲማቲም ድልህ፣ ቀጥሎ «ልዩ ልዩ 180» የሚል መስመር ይገኛል። ልዩ ልዩው ምንድን ነው? ልጅ ተልኮ የወሰደው ይሆናል። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሊኖር ይችላል፤ ባለሱቁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሰው ሲበዛበት ነው። ከዚያ 6,500ውን ወይም የተስተካከለውን ቁጥር በአዲስ ገጽ «የቆየ ዕዳ» ብሎ ይጻፈው፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። አዲስ ዱቤ ከዚያ ቀን ይቁም። የቆየውን ዕቁቡ ሲያልቅ በሁለት ወር እንደምትጨርሺ ንገሪው፣ እስከዚያ ግን በጥሬ ገንዘብ ከሱ ግዢ። ታይዋን ገበያ ሄደሽ በርካሽ ገዝተሽ በሱ በር ስታልፊ ካየሽ ይከፋዋል፣ ልክም ነው።

የጫቱ ነገር። በቀን 100 ብር በ25 የሥራ ቀን 2,500 ነው። እህቴ፣ በዚህ ርዕስ አትጀምሪ። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ሙቀቱ ከተማውን ሲዘጋው ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ተሰብስበው ይቆያሉ፤ ሥራ የሚገኝበት ወሬ፣ የነዳጅ ወረፋው መረጃ፣ የታመመ ጓደኛ መዋጮ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። «ጫት ተው» ስትይው ከዚያ ሁሉ ውጣ እንዳልሽው ነው የሚሰማው። መጀመሪያ ስለ አራጣው አብራችሁ ወስኑ። የዕቁብ ሐሳቡን በክብር ስሚ። የወሩን ሂሳብ እሱ በእጁ ይጻፈው፣ የጫቱንም መስመር ራሱ ያስገባው። ግማሹን ብቻ፣ 50 ብር፣ ቢያስቀር በወር 1,250 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ለዕዳ አይሂድ።

ለምን? ሁለተኛ ጥያቄሽ እዚህ ላይ ይመለሳል። ቁጠባ መቆም የለበትም። አራጣ ውስጥ ያስገባችሁ ነገር ምን ነበር? እጅ ላይ ምንም አለመኖሩ ነው። ባለቤትሽ አሥር ቀን ባይሠራ 4,400 ብር ይጎድላል። መጠባበቂያ ከሌለ ያ ጉድለት እንደገና ወደዚያው ሰውዬ በር ይወስዳችኋል። ያቺ 50 ብር በአራት ወር 5,000 ትሆናለች። እሱ ራሱ ማታ ማታ በስልኩ ወደ ሌላ ሂሳብ ያስገባት፤ ዕለታዊ ገንዘባችሁ ከሚንቀሳቀስበት ሂሳብ ጋር አትቀላቅሉት። ወለዱ ብዙም አያስጨንቃችሁ። የተለመደው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ ዋጋ ንረቱን አይደርስበትም። የዚህ ገንዘብ ሥራ መውለድ ሳይሆን በተፈለገ ዕለት መገኘት ነው። በባንክ ያለ ተቀማጭ በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የተሸፈነ ስለሆነ ትራስ ሥር ከማስቀመጥ ይሻላል። 5,000 ሲሞላ ወርቅ ወይም ስልክ አትግዙበት። ባለቤትሽ 50 ብሩን እንቢ ካለ ከስልኩ ብድር ማውረጃ ላይ በወር 500 ለዚህ አዙሪ፤ ብድሩ ትንሽ ይዘገይ።

ስድስት ወር ተኩል ሲሞላ ዕቁቡ ያልቃል። በወር 4,330 ብር ይለቀቃል፣ የስልኩ ብድርም ያኔ የለም። ከ5,500 ብር በላይ ነፃ ገንዘብ በወር ታያላችሁ። በሁለት ወር ሱቁ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያ 1,000 ብር በየሳምንቱ እንደለመደው ይውጣ፤ ግማሹ ወደ መጠባበቂያው፣ ግማሹ ወደ እህትሽ።

እህትሽ «አትጠይቀንም» ብለሻል። መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ፣ በዚህ ሳምንት ደውዪላት። 100,000 ፍራንኩን በ2015 ስትቀይሩት ወደ 30,000 ብር ነበር የመጣው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ ነው፣ ለአሥርተ ዓመታት አልተለወጠም። ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ብዙ ወርዷል። ያንኑ 100,000 ፍራንክ ዛሬ ለመመለስ ያኔ ከተቀበላችሁት ብር ከእጥፍ በላይ ያስፈልጋል። እናንተ በልባችሁ 30,000 ብር እያሰባችሁ፣ እሷ 100,000 ፍራንክ እያሰበች ከሆነ አንድ ቀን ቤተሰብ ውስጥ ቅሬታ ይፈጠራል። ስለዚህ «በምን እንመልስልሽ፣ በፍራንክ ልክ ወይስ በብር?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። እሷ ራሷ መካከል ላይ ያለ ቁጥር ልትሰጥሽ ትችላለች። የብር ልክ ከተስማማችሁ በመልእክት ጻፉት፣ ሁለታችሁም ጋ ይቀመጥ። ክፍያው ከስምንት ወር በኋላ እንደሚጀምር፣ እስከዚያ ምን እየዘጋችሁ እንደሆነም ንገሪያት። ስለ አራጣው ካልሰማች ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንቺ ትስማ።